ከሥዕሉ ሥር የሚጻፍ ስም፦ ስለ አሞራ፣ ስለ ወፍና ስለ ፏፏቴ ስያሜ

ካሜራ አንግቶ በእግር እየተጓዘ ወፍና ፏፏቴ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበዛ መሄዱ ይታወቃል። ይህ ሰው እንጀራውን ከሌላ ሥራ የሚያገኝ፣ ወደ ገደል አፋፍና ወደ ወንዝ ዳር ግን ፍቅሩ የሚያስወጣው ነው። «አማተር» የምንለው የውጭ ቃል በምንጩ፣ ማለትም በላቲን፣ «አፍቃሪ» ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን «ገና ያልበሰለ፣ ጀማሪ» የሚል ትርጉም ስለ ተደረበበት እዚህ ላይ «የፎቶግራፍ አፍቃሪ» ማለትን መርጫለሁ። ወደዚህ ጉዳይ የመራኝ ግን የሰውየው መጠሪያ ሳይሆን ከሥዕሉ ሥር የሚጽፈው መግለጫ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ አነስተኛ ዐውደ ርእይ የተዘጋጁ ፎቶግራፎችን መግለጫ እንዳርም ተጠይቄ ነበር። ሥዕሎቹ የተነሡት ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በደብረ ሊባኖስ፣ በልማድ «የፖርቱጋል ድልድይ» በሚባለው አካባቢ ነው። ከእነርሱ አንዱ ክንፉን ዘርግቶ ከአፋፉ በታች የሚያንዣብብ ታላቅ አሞራ ያሳያል፤ ከሥሩም «ንስር» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ሆሄያቱን እንጂ ስሙን አልመረመርሁም፤ እንዳለ አሳለፍሁት። ዐውደ ርእዩን ሊያዩ ከመጡት መካከል የዚያው አገር ሰው የሆኑ አንድ አዛውንት ከሥዕሉ ፊት ቆም ብለው፣ «ልጄ፣ ይኸ እኮ ንስር አይደለም፤ አጥንቱን ከላይ ለቆ ዐለት ላይ የሚሰብረው አሞራ ነው» አሉኝ። ትክክል ነበሩ። በሥዕሉ ላይ ያለው ከመንቁሩ ሥር እንደ ጢም የሚወርድ ጥቁር ላባ ያለው፣ ምግቡም በአብዛኛው አጥንትና መቅኒ የሆነው፣ በሳይንስ ስሙ ጂፔተስ ባርባተስ የተባለው ነው፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን «ጢማም» ማለት ነው።

ስሕተቱ የእኔ ቢሆንም ሥሩ ግን የቆየ ነው። ንስር የግዕዝ ቃል ሲሆን የዐረብኛው ነስርና የዕብራይስጡ ኔሼር ወንድም ነው። ዛሬ በዐረብኛ ነስር ጥንብ አንሣ ነው፤ የዕብራይስጡንም ሊቃውንት አንዳንድ ጊዜ ንስር፣ አንዳንድ ጊዜ ጥንብ አንሣ እያሉ ይተረጕሙታል። በአማርኛ ቃሉ ከእረኛው አፍ ይልቅ ከመጽሐፍ ገጽ የሚዘወተር ስለ ሆነ፣ ግርማ ያለው አሞራ በታየ ቁጥር የተማረ ሰው ቶሎ የሚያነሣው ይህንኑ ነው። አዛውንቱ ያደረጉት ሌላ ነው፤ በመጀመሪያ መደቡን ለዩ። አማርኛ ትንሹን «ወፍ»፣ ትልቁንና ሥጋ በሉን «አሞራ» ይላል፤ ዶሮን ከሁለቱም አይቈጥርም። ሳይንስ ለጠቅላላው መደብ «አዕዋፍ» የሚለውን የግዕዝ ብዙ ቁጥር መዋሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ተርጓሚው ከዚህ ተነሥቶ በነጠላ «ወፍ» ሲል ጆፌ አሞራን ወፍ ሊያሰኝ ነው።

መዝገበ ቃላቶቻችን በዚህ ረገድ የሚያኮሩ አይደሉም። ብዙ ጊዜ ከስሙ ፊት የምናገኘው ፍች «የወፍ ዓይነት» ወይም «የአሞራ ስም» የሚል ብቻ ነው። ይህ ፍች ሳይሆን የፍች ዕዳ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የአማርኛ ትርጕም ውስጥ እንደ እርኩም፣ ጋጋኖ፣ ይብራና ሳቢሳ ያሉ ስሞች መገኘታቸው ለቋንቋው ሀብት ምስክር ነው። ይሁን እንጂ የዕብራይስጡ ዝርዝር ራሱ እስከ ዛሬ ሊቃውንትን የሚያከራክር ስለ ሆነ፣ አማርኛውን ከዕብራይስጡ ጋር በማስተያየት ብቻ ይብራ ምን እንደ ሆነ ማወቅ አይቻልም። አንዱ ይብራ ሲል ዳክዬን፣ ሌላው ዝይን ያስባል።

እንግዲህ የፎቶግራፍ አፍቃሪው ለቃላት አጥኚ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ጥርት ያለ አንድ ሥዕል ለሽማግሌ ሲቀርብ ስሙን ከአካሉ ጋር ያገናኛል፤ የሞተ ናሙና ይዞ መዞር አያስፈልግም። ነገር ግን ሥዕሉ ዝም ያለ ነው፣ ስሞቻችን ግን ብዙዎቹ በጆሮ የወጡ ናቸው። ጉጉት ድምፁን ነው፤ ቁራም እንዲሁ ይመስለኛል። በአካሉ ሳይለዩት በጩኸቱ ብቻ የሚያውቁት ወፍ ስንት ነው! ስለዚህ ከሥዕሉ ጋር ቦታው፣ ወሩ፣ ከተቻለም ድምፁ ተመዝግቦ ቢመጣ ይመረጣል። ሌላም ጥንቃቄ አለ። «አጥንት የሚሰብረው» የሚለው አነጋገር የአሞራው ስም ነው ወይስ አዛውንቱ ለእኔ ሲያስረዱ የሰጡት መግለጫ? ይህን ለመለየት ሥዕሉን ያንን ንግግር ላልሰማ ለሌላ የዚያው አገር ሰው ለብቻው ማሳየት ያስፈልጋል። እርሱም ሳይጠየቅ ያንኑ ካለ፣ አነጋገሩ ወደ ስምነት ተሻግሯል ማለት ነው።

ስም አለ ማለትም ሁልጊዜ በቂ ነው ማለት አይደለም። በዚያው ገደል አፋፍ ከተነሡት አንዱ መንቁሩ እጅግ የወፈረ፣ ከማጅራቱ በላይ ነጭ ምልክት ያለው ቁራ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ ያን ያህል የማይገኝ ሲሆን፣ ጀርመናዊው ተጓዥ ሩፔል በ1836 እ.ኤ.አ. ኮርቩስ ክራሲሮስትሪስ ብሎ ሰይሞታል፤ ይኸውም «መንቁረ ወፍራሙ ቁራ» ማለት ነው። ለእኛ እርሱም ሌላውም በደፈናው ቁራ ነው። እዚህ ላይ «ባለ ወፍራም መንቁር ቁራ» ብሎ መግለጽ የቋንቋውን ጠባይ አይጥስም፤ ገበሬውም ከብቱን ሲለይ «ባለ» እያለ ነው።

ወደ ውሃው እንምጣ። ፏፏቴ «ፏ አለ» ከሚለው የድምፅ ቃል የወጣ በመሆኑ ከገደል የሚወረወረውንም፣ በዐለት መካከል እያረፋ የሚሮጠውንም ይይዛል። በሱዳንና በግብፅ ያሉት የዓባይ ስድስት ካታራክቶች «ፏፏቴ» ተብለው ሲተረጐሙ አንባቢው ጢስ ዓባይን በዐይነ ልቡናው ይስላል፤ እነርሱ ግን ውሃው በድንጋይ መካከል የሚጋፋባቸው ቦታዎች እንጂ ገደል አይደሉም። በእኔ አስተያየት «የዐለት ፏፏቴ» ብሎ መለየት ይቻላል። ጢስ ዓባይ ደግሞ በዐይን የወጣ ስም ነው፤ ወደ 40 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ ሲወድቅ የሚተነውን ርጭት ጢስ ብሎታል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ከሐይቁ ብዙ ውሃ ስለሚወስድ፣ በበጋ የተነሣ ሥዕል ጢስ የሌለው ጢስ ዓባይን ሊያሳይ ይችላል። መግለጫው ወርና ዓመተ ምሕረት ካልያዘ ተመልካቹ ስሙን ሐሰት ያደርገዋል።

በመጨረሻ ስለ አንድ የመሣሪያ ቃል። የወፍን ክንፍ ቀጥ አድርጎ ለማስቀረት ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ የሴኮንድ አንድ ሺኛ ያህል ማነስ አለበት፤ ፏፏቴን እንደ ነጠላ አለስልሶ ለማሳየት ግን ግማሽ ሴኮንድና ከዚያም በላይ ያሻል። ለዚህ ጊዜ «ቅጽበት» የሚለው ቃል ተስማሚ መስሎኝ ነበር፤ ግዕዙ ቀጸበ በዐይን መጥቀስን ስለሚያመለክት፣ ቅጽበተ ዐይንም የካሜራውን መዝጊያ ሥራ በትክክል ስለሚገልጽ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን «ረጅም ቅጽበት» እንዴት ይባላል ሲል ተቃወመኝ። እስካሁን አጥጋቢ መልስ ስላላገኘሁለት «የመዝጊያ ጊዜ» የሚለውን ለጊዜው ይዣለሁ።