በመድፍ ቱቦ ውስጥ የቀረ ጥይት፦ የማስወገጃ መሣሪያዎች አሠራርና የደኅንነት መርሖቻቸው

መግቢያ

በጥር ወር 2013 በኒው ዮርክ ከተማ በሴንትራል ፓርክ የሚሠሩ የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች ከአንድ አሮጌ መድፍ ላይ ዝገት በማስለቀቅ ላይ ሳሉ በቱቦው ውስጥ አረር፣ ውታፍና ከ800 ግራም የሚበልጥ ባሩድ አገኙ። መድፉ በ1780 በኢስት ሪቨር ከሰጠመችው ሁሳር ከተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ የተገኘ እንደሆነ ይነገርለታል፤ እስከ 1996 ድረስም ለሕዝብ እይታ ቀርቦ ቆይቷል። ባሩዱን ያወጡት የፖሊስ የፈንጂ ባለሙያዎች ናቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን መድፉን ባዶ አይደለም ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ አጋጣሚ የጉዳዩን ዋና ባሕርይ ያሳያል። በቱቦ ውስጥ የቀረ ጥይት የሚያስከትለው አደጋ ከጥይቱ ኃይል ብቻ የሚመነጭ አይደለም፤ ስለ ጥይቱ ሁኔታ ካለን የዕውቀት ጉድለትም ይመነጫል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥይትን ከመድፍ ቱቦ ለማስወገድ የተሠሩ መሣሪያዎችን ከጥንቱ እስከ ዛሬው በመቃኘት፣ ሁሉም ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት የተነደፉ መሆናቸውን ማሳየት ነው። እነዚህም፦ በቱቦው ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ኃይል የሚያርፈው በየትኛው የጥይቱ አካል ላይ ነው? ሠራተኛውስ የሚቆመው የት ነው? የሚሉት ናቸው። ጽሑፉ የንድፍ መርሖችን የሚያብራራ እንጂ የአሠራር መመሪያን የሚተካ አይደለም።

ከአፍ የሚጎርሱ መድፎችና መሣሪያዎቻቸው

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ አብዛኞቹ መድፎች ባሩድም ሆነ አረር የሚጎርሱት በአፈሙዛቸው በኩል ነበር። በመሆኑም በቱቦው ውስጥ የቀረ ነገር የሚወጣው በገባበት አቅጣጫ ነው። የመድፈኞች የሥራ ዕቃም ከዚሁ ጋር የተስማማ ነበር። በረጅም የእንጨት ዘንግ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ጠመዝማዛ የብረት መንጠቆ ውታፍንና የባሩድ ከረጢትን ወግቶ ለመሳብ ያገለግላል። ከመዳብ የሚሠራው ረጅም ጭልፋ ደግሞ አረሩንና የተበተነውን ባሩድ ዝቆ ያወጣል። በውኃ የራሰው መወልወያ በቱቦው ውስጥ የቀረውን ፍም ያጠፋል።

ከእነዚህ ዕቃዎች ሁለት መርሖችን ማውጣት ይቻላል። አንደኛው የቁስ ምርጫ ነው፤ ባሩድን የሚነካው ጭልፋ ከመዳብ መሠራቱ ብረት ከብረት ጋር ተፋጭቶ የሚፈጥረውን ብልጭታ ለማስቀረት ይረዳል። ሁለተኛው ቅደም ተከተል ነው፤ ባሩዱን በውኃ ማራስ ከመሳብ ሥራ በፊት ይመጣል። የኃይሉ ምንጭ ከተሰናከለ በኋላ የሚቀረው ሥራ ከከባድ ብረት ጋር የሚደረግ ትግል ብቻ ይሆናል። ያም ሆኖ ሠራተኛው በአፈሙዙ ፊት ከመቆም አልዳነም። ሦስተኛው ጥያቄ በዚያ ዘመን አጥጋቢ መልስ አላገኘም።

የተንደረር መርከብ አደጋና ያስከተለው ለውጥ

ጥር 2 ቀን 1879 ተንደረር በተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ፣ በማርማራ ባሕር የተኩስ ልምምድ ሲደረግ፣ 38 ቶን የሚመዝን ባለ 12 ኢንች መድፍ ፈንድቶ 11 ሰዎች ሞቱ፤ 35 ያህል ቆሰሉ። ምርመራው የደረሰበት ድምዳሜ መድፉ በላይ በላዩ ሁለት ጊዜ ጎርሷል የሚል ነበር። ሁለቱ የማማው መድፎች በአንድ ጊዜ እንዲተኮሱ ሲደረግ አንደኛው ሳይተኮስ ቀርቷል። የጓደኛው ድምፅና ንዝረት ስለሸፈነው ግን ማንም አላስተዋለም። ቀጣዩን ጥይት ያስገባው በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ መጠቅጠቂያ እንጂ የሰው ክንድ አልነበረም። በእጅ የሚጠቀጥቅ መድፈኛ ዘንጉ ከተለመደው ርቀት ቀድሞ ሲቆም በእጁ ያውቀዋል፤ በማሽኑ ሥራ ግን ይህ ስሜት ጠፍቷል።

በኋላም ጓደኛው መድፍ ወደ ዉልዊች ተወስዶ ሆን ተብሎ ሁለት ጊዜ እንዲጎርስ ከተደረገ በኋላ ሲተኮስ በተመሳሳይ ሁኔታ ፈነዳ። በዚህም ድምዳሜው በሙከራ ተረጋገጠ። አደጋው የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ከኋላ ወደሚጎርሱ መድፎች እንዲመለስ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ከኋላ የሚጎርስ መድፍ መዝጊያው ሲከፈት የቱቦው ውስጥ ለዓይን ይታያል፤ ሁለት ጊዜ ማጉረስም በቀላሉ አይቻልም። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ ትልቁን መልስ የሰጠው ራሱን የቻለ መሣሪያ ሳይሆን የመድፉ ንድፍ ለውጥ ነው ማለት ይቻላል።

በዘመናዊ መድፍ ጥይት ለምን ይጣበቃል?

ከኋላ መጉረስ አንዱን ችግር ሲፈታ ሌላ ችግር አመጣ። የዘመናዊ መድፍ ቱቦ ውስጠኛው ግድግዳ ጠመዝማዛ ቦዮች አሉት። በአረሩ ወገብ ላይ የሚገኘው ከመዳብ ወይም ከመሰል ለስላሳ ብረት የሚሠራው ቀለበት በእነዚህ ቦዮች ላይ ተጨምቆ አረሩን ያሾረዋል፤ ጋዝም እንዳያመልጥ ይዘጋል። በሚጎርስበት ጊዜ ቀለበቱ ከቦዮቹ መነሻ ጋር ተጣብቆ መያዝ አለበት። ከዚህ የተነሳ ጎርሶ ያልተተኮሰ አረር በቀላሉ ወደ ኋላ አይመለስም።

የባሰው ሁኔታ አረሩ ጉዞ ጀምሮ በመካከል ሲቆም ነው። ይህም ባሩዱ በቂ ግፊት ሳይፈጥር ሲቀር፣ በተለይም አነስተኛ የባሩድ መጠን በረጅም ቱቦ ሲተኮስ፣ ወይም ቱቦው ከማለቁ የተነሳ ጋዝ ሲያመልጥ ሊደርስ ይችላል። የብዙ ፊውዞች የደኅንነት ቁልፍ የሚከፈተው በተኩስ ጊዜ በሚፈጠረው ድንገተኛ ፍጥንጥነትና በሽክርክሪት ነው። በመካከል የቆመ አረር ከእነዚህ ምን ያህሉን እንዳገኘ ከውጭ ማወቅ ስለማይቻል ፊውዙ እንደ ተከፈተ ተቆጥሮ ይያዛል። ለምሳሌ ኤም 107 የተባለው ባለ 155 ሚሊ ሜትር አረር ክብደቱ ወደ 43 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ከ6 ኪሎ ግራም በላይ ፈንጂ ይይዛል። በዚህ መጠን ላይ በግምት መሥራት አይፈቀድም።

ሙቀትም ሌላው ምክንያት ነው። ብዙ የተኮሰ ቱቦ በውስጡ የቀረውን ባሩድ፣ ቆይቶም ፈንጂውን ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል። ስለሆነም የአሠራር መመሪያዎች ትኩስ ቱቦንና ቀዝቃዛ ቱቦን ለይተው የመጠበቂያ ጊዜ ይወስናሉ፤ ቱቦውንም ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ማነጣጠርን ያዝዛሉ።

የማውጫ መሣሪያዎች ንድፍ

ጎርሶ ያልተተኮሰን አረር ለማውጣት ከሁሉ ይልቅ የታወቀው መሣሪያ የደወል ቅርጽ ያለው መግፊያ ነው። በዘንግ ጫፍ ላይ የሚገጠም፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ጽዋ ሲሆን በአፈሙዙ በኩል ገብቶ አረሩን ወደ ኋላ ይገፋል። የዚህ ንድፍ ብልኃት በባዶነቱ ላይ ነው። በአረሩ ጫፍ ያለው ፊውዝ በጽዋው ክፍተት ውስጥ ሳይነካ ይቀመጣል፤ የጽዋው ከንፈርም በአረሩ ትከሻ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ኃይሉ የሚያልፈው ጠንካራ በሆነው በአረሩ ግድግዳ በኩል ብቻ ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ቀላል መልስ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በጠፍጣፋ ዘንግ ፊውዙን መግፋት ግን ዕቃው ሊነካ የማይገባውን ብቸኛ ቦታ መምታት ይሆናል።

ሌላው ጉዳይ የኃይሉ ዓይነት ነው። በመዶሻ መምታት አጭርና ከፍተኛ ግፊት ይፈጥራል፤ ይህም ፊውዝ ሊመልስለት የተሠራው ዓይነት ድንጋጤ ነው። ዝግ ያለና እኩል ግፊት ግን ያለ ድንጋጤ ያንኑ ሥራ ይሠራል። የፈሳሽ ግፊት መሣሪያዎች ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። የ155 ሚሊ ሜትር ቱቦ የውስጥ ስፋት ወደ 0.0189 ካሬ ሜትር ነው። በዚህ ስፋት ላይ የ1 ሜጋ ፓስካል ግፊት ቢያርፍ ወደ 18.9 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ወደ 1.9 ቶን የሚጠጋ ክብደት ያህል ኃይል ይገኛል። የበርካታ ሰዎች ክንድ በዘንግ ሊሰጠው የማይችለው ይህ ኃይል በዝግታ ሊጨመርና በመለኪያ ሊነበብ ይችላል። ከሁሉም በላይ ፓምፑን ከመከላከያ ግንብ ጀርባ ሆኖ ማንቀሳቀስ ይቻላል። ከአፍ በሚጎርሱ መድፎች ዘመን ሳይመለስ የቀረው ሦስተኛው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በዚህ ነው።

ማጠቃለያ

ከመዳብ ጭልፋ እስከ ፈሳሽ ግፊት ያለው ጉዞ የኃይል ማደግ ታሪክ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። የተንደረር መጠቅጠቂያ በዘመኑ ኃይለኛ ነበር፤ ነገር ግን የቱቦውን ሁኔታ ለሠራተኛው አልነገረውም። በአንጻሩ የደወል ቅርጽ ያለው መግፊያ እጅግ ቀላል ሆኖ ሳለ ኃይልን ከአደገኛው ቦታ ያርቃል። ስለዚህ በዚህ መስክ የሚቀርብ አዲስ ንድፍ መመዘን ያለበት በሚያስገኘው ኃይል ብቻ ሳይሆን፣ የጥይቱን አቀማመጥ ምን ያህል እንደሚያሳውቅ፣ ፊውዙን እንዴት እንደሚጠብቅና ሰውን ከአፈሙዙ ፊት ምን ያህል እንደሚያርቅ ጭምር ነው። ርቀትንና ግፊትን በአንድነት የሚመዘግቡ፣ ያልተጠበቀ ለውጥ ሲያዩም ራሳቸውን የሚያቆሙ መሣሪያዎች ለመካኒካልና ለቁጥጥር ምህንድስና ተመራማሪዎች ተገቢ የጥናት ርዕስ ናቸው። የሴንትራል ፓርኩ መድፍ እንዳስተማረው፣ ቱቦው ባዶ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ጎራሽ እንደሆነ መቁጠር የሁሉም መሣሪያ መነሻ ነው።