የሬዲዮ መላኪያ ኃይል ሚዛን

በምዕራብ ሸዋ፣ በጄልዱ ወረዳ፣ በጎጆ ከተማ በገበያ ቀን ድንች በጆንያ ተሞልቶ በባስኩላ ይመዘን እንበል። በዚያው ባስኩላ ላይ ግማሽ ኪሎ ቡና ቢቀመጥ፣ ሚዛኑ መንቀሳቀሱ እንኳ ያጠራጥራል። ይህ የሚሆነው ባስኩላው ተበላሽቶ አይደለም። ለከባድ ጭነት የተሠራ በመሆኑ ጥቂት ቢሳሳት የድንቹ ባለቤት እምብዛም አይጎዳም፤ የቡናው ገዥ ግን ይጎዳል። የአማተር ሬዲዮን የመላኪያ ኃይል ለመለካት የሚነሣ ሰውም የሚገጥመው ችግር ይኸው ነው።

አማተር ሬዲዮ ማለት ለንግድ ሳይሆን ለትምህርትና ለወዳጅነት ሲባል በመንግሥት ፈቃድ የሚካሄድ የሬዲዮ ግንኙነት ነው። በአገራችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ5 ኪሎ ግቢ የተተከለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ በተባለው የጥሪ ምልክቱ በዓለም አማተሮች ዘንድ ይታወቃል። ባለፈቃዱ ከተወሰነለት ኃይል ማለፍ አይችልም። ስለዚህ በሬዲዮው ላይ 100 ዋት ተብሎ ቢጻፍም፣ በእርግጥ ስንት ዋት እንደሚወጣ ማወቅ ይኖርበታል።

ለመለካት በመጀመሪያ አንቴናው ይነቀልና በምትኩ ሙቀት የሚችል ባለ 50 ኦም ሬዚስተር ይገባል። ኃይሉ ወደ አየር ሳይወጣ በሬዚስተሩ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ያልቃል፤ ሌሎችንም አያውክም። በንግግር ጊዜ ኃይሉ ከድምፁ ጋር ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ የሞርስ ቁልፍ ተጭኖ ለጥቂት ሰኮንድ ያልተቋረጠ ሞገድ ይላካል። በዚህ ጊዜ በሬዚስተሩ ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ቮልቴጅ ይለካል፤ ጫፎቹን በእጅ መንካት ግን ያቃጥላል። የሞገዱ ከፍተኛ ቮልቴጅ 100 ቢሆን፣ 100 በ100 ይባዛና ለ50 እጥፍ፣ ማለት ለ100 ይካፈላል። ውጤቱ 100 ዋት ነው። ቮልቴጁ 90 ብቻ ከሆነ ግን ኃይሉ 81 ዋት ይሆናል። በቮልቴጁ ላይ የታየው የ10 በመቶ ጉድለት በኃይሉ ላይ 19 በመቶ መሆኑን ልብ በሉ።

ብዙዎች ይህን ስሌት ትተው ዋትሜትር ይገዛሉ። ባስኩላው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የባለመርፌ ዋትሜትር ስሕተት ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ከከፍተኛ ልኩ በመቶኛ ነው። ከፍተኛ ልኩ 1000 ዋት፣ ስሕተቱም 5 በመቶ የሆነ መሣሪያ እስከ 50 ዋት ሊሳሳት ይችላል። እንግዲህ መርፌው 100 ላይ ቢቆም፣ እውነተኛው ኃይል ከ50 እስከ 150 ዋት ባለው መካከል የትም ሊሆን ይችላል ማለት ነው! ከፍተኛ ልኩ 200 ዋት በሆነ መሣሪያ ቢለካ ግን፣ በዚያው 5 በመቶ ስሕተቱ ከ10 ዋት አይበልጥም።

መርፌው ዝቅ ቢልም ሬዲዮውን ቶሎ መውቀስ አይገባም። 100 ዋት የሚልክ ሬዲዮ ከ13.8 ቮልት ምንጭ 20 አምፔር ያህል ይስባል። ባትሪው ከደከመ ወይም ሽቦው ከቀጠነ ቮልቴጁ በመንገድ ይቀንሳል፤ ኃይሉም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ፣ ሬዲዮው በሚልክበት ጊዜ መግቢያው ላይ የሚደርሰውን ቮልቴጅ መለካት ይበጃል። ደግሞም ከ100 ወደ 80 ዋት መውረድ 1 ዴሲቤል ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በሩቅ ያለው አድማጭ ልዩነቱን አይለየውም። ይህን ሳያውቁ የጎደለውን 20 ዋት ፍለጋ ሬዲዮውን ከፍተው የማስተካከያ ብሎን የሚያዞሩ ሰዎች ትራንዚስተሩን አቃጥለው ይመለሳሉ።