ለዘጠኝ ሰዓት ሙቀት የሚበቃ ፍጥነት

ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ታርፋለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ሰዉም ጥላ ፍለጋ ይገባል። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ በገዛ እጁ የገጣጠመውን ኮምፒውተር ከፋብሪካው ልክ በላይ ማስሮጥ ለሚሻ ሰው ግን ዋናው የሥራ ሰዓት ያኔ ነው። ምክንያቱን ለማየት መጀመሪያ ከፕሮሰሰሩ ጋር እንተዋወቅ።

የፕሮሰሰር ፍጥነት የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው፤ አንዱ መነሻ ምት፣ ሌላው ምቱ የሚባዛበት ቁጥር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ርካሹ የኢንቴል ፔንቲየም ጂ3258 መነሻ ምቱ 100 ሜጋኸርዝ፣ ማባዣው 32 ነው፤ ውጤቱ 3.2 ጊጋኸርዝ። ኦቨርክሎክ ማለት ከሁለቱ አንዱን ከፍ ማድረግ ነው። ማባዣውን 42 ብንለው 4.2 ጊጋኸርዝ ይሆናል።

ፋብሪካው ይህን ትርፍ ለምን ይተወዋል? አንድም ዕቃው በደካማ ፋንና በሞቃት ክፍል ጭምር እንዲሠራ ዋስትና ስለሚሰጥ፣ አንድም ውድና ርካሽ ሞዴል ለይቶ መሸጥ ስላለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሴለሮን 300ኤ ይህን አጋለጠ። ማባዣው 4.5 ላይ ተቆልፎ ነበር፤ ሰዎች ግን መነሻ ምቱን ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ እያሳደጉ 450 ሜጋኸርዝ አደረሱት። ከውዱ ፔንቲየም 2 ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆነ። ኋላ ላይ ኢንቴል በሩን አጠበበ፤ ማባዣው ክፍት የሆነለት በአብዛኛው ውድ ሞዴል ብቻ ሆነ። የፔንቲየምን ስም 20ኛ ዓመት ለማክበር የወጣው ጂ3258 ክፍት ሆኖ ሲመጣ የተወደደውም ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ ገበያችንን የሞሉት ያገለገሉ የዴል ኦፕቲፕሌክስና የኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተሮች ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ባዮሳቸው፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ፕሮግራም፣ ማባዣውን እንድንነካ አይፈቅድም። ኦቨርክሎክ የሚፈቅድ ማዘርቦርድ ለብቻው መፈለግ አለበት።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ፍጥነቱ ሲጨምር ፕሮሰሰሩ እንዳይንገዳገድ ቮልቴጅም መጨመር አለበት። የሚፈጠረው ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር በልኩ ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በስኩዌር። ከ3.2 ወደ 4.2 ጊጋኸርዝ፣ ከ1.05 ወደ 1.25 ቮልት ብንሄድ ፍጥነቱ 31 በመቶ ይጨምራል፤ ሙቀቱ ግን ወደ 1.9 እጥፍ ይጠጋል።

ፋን ደግሞ የሚያቀዘቅዘው በክፍሉ አየር ነው፤ ከዚያ በታች ማውረድ አይችልም። 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል 70 ዲግሪ የሚያነብ ፕሮሰሰር፣ 34 ዲግሪ በሆነ የሳቢያን ክፍል 84 አካባቢ ያነባል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትልም አየሩ ከ10 በመቶ በላይ ሳስቷል፤ ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በቀዝቃዛ አገር የተሞከረ ቁጥር እዚህ እንዳለ አይሠራም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ዝግጅቱ ይቅደም። ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠው ባለክንፍ ብረት፣ ሂትሲንኩ፣ ሲነሳ ከሥሩ ያለው የቆየ ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ቴርማል ፔስት) አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተሰነጠቀ ምርጊት ደርቆ ይገኛል። በአልኮል ይጠረጋል፤ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት መሐሉ ላይ ትደረጋለች፤ በክንፎቹ መካከል የተጠቀጠቀው አቧራ በብሩሽ ይወጣል። ከዚያ ባዮስ ውስጥ ማባዣውን 33፣ ቀጥሎ 34 እያሉ አንድ አንድ መጨመር ነው። በየደረጃው እንደ ፕራይም95 ባለ ፕሮግራም እያስጨነቁ ሙቀቱን ማየት ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ ቀጥ ካለ ቮልቴጁን 0.02 ያህል ከፍ ማድረግ፣ ወይም አንድ ደረጃ መመለስ ነው። ጭራሽ አልነሳ ካለም ከኤሌክትሪክ ነቅሎ የማዘርቦርዱን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ማውጣት ወደ ፋብሪካው ልክ ይመልሰዋል። ሙቀቱ 85 ከደረሰ ማቆም ይበጃል፤ 100 ገደማ ላይ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያኔ የጨመርነው ሁሉ ከንቱ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ታዲያ ሌሊት አይደለም። ሌሊቱ ነፋሻ ነው፤ ብዙ ይቅር ይላል። ማታ 4.4 ላይ የረጋ ኮምፒውተር በግንቦት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መስኮቱ እንደተዘጋ ይፈተን። ያኔ የሚረጋው 4.1 ላይ ከሆነ፣ ፍጥነቱ 4.1 ነው።