የማሽ ሀሰን ላም

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ከእናቴ ጋር አንድ የቆየ የኢራን ፊልም አየን። ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት፣ እሷ ፍራሹ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀመጠች። ያገኘሁት ቅጂ ከሥር የሚነበብ ትርጉም የለውም፤ ፋርስኛ ደግሞ ሁለታችንም አንችልም። ታሪኩን ቀድሜ ስላነበብኩት መሃል መሃል እየገባሁ ላስረዳት ነበር ሐሳቤ። ብዙም አላስፈለጋትም። ከዚያን ማታ ወዲህ ነገሩ ከውስጤ አልወጣ ስላለኝ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፍላችሁ ነው።

ፊልሙ «ጋቭ» ይባላል፤ ላም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የሠራው ዳርዩሽ መህርጁይ ነው። ታሪኩ ግን የጎላም ሆሴን ሳኤዲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው «የባያል አልቃሾች» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ባያል አንዲት ድሀ መንደር ናት፤ በመጽሐፉ ያሉት ስምንት ታሪኮች ሁሉ በእሷ ዙሪያ ይሽከረከራሉ። ሳኤዲ የታብሪዝ ልጅ ነው። የአእምሮ ሐኪም ስለነበር በደቡብ ቴህራን የድሀ ሰፈር ክሊኒክ ውስጥ ሰው እያከመ ይጽፍ ነበር። ድህነት የሰውን አእምሮ ምን እንደሚያደርገው በዓይኑ አይቷል ማለት ነው።

ማሽ ሀሰን ልጅ የለውም። ያለው ሚስትና አንዲት ላም ነው፤ በመንደሩ ያለችውም ላም ያቺው ብቻ ናት። «ማሽ» የሚለው የማሽሃዲ ማሳጠሪያ ነው፤ ማሽሃድ ሄዶ የኢማም ሬዛን መቃብር የተሳለመ ሰው የሚጠራበት ማዕረግ ነው። እኛ ዘንድ ሐጂ እንደምንለው ነው። ጫማው ያለቀ ገበሬ ነው፤ ስሙ ላይ ግን አንድ ሃይማኖታዊ ጉዞ ተቀምጦለታል። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ላሟን ውኃ ወርዶ ያጥባታል፤ ከእሷ ጋር ይጫወታል። የጎረቤት መንደር ሌቦች እንዳይወስዱበት ብሎ ሌሊቱን በረት ውስጥ አብሯት ያድራል። አንድ ቀን መንገድ ይሄዳል። እሱ በሌለበት ላሚቱ ከነጽንሷ ሞታ ትገኛለች። ሚስቱ ደረቷን እየደቃች ታለቅሳለች፤ መንደርተኛው ይመክርና ሬሳውን ጎትቶ የደረቀ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብራል። ሲመለስ «ጠፍታብህ ነው፣ ፈላጊ ልከናል» ይሉታል። ያሰቡለት ለእሱው ነው፣ ክፋት የለበትም።

እሱ ግን አይቀበልም። ላሜ ጥላኝ አትሄድም ባይ ነው። በረቱ ውስጥ ይገባና አይወጣም። ቀን ባለፈ ቁጥር ጭድ መብላት፣ በላም ድምፅ መጮህ ይጀምራል። በስሙ ሲጠሩት ሀሰን አይደለሁም፣ የሀሰን ላም ነኝ ይላል። እንዲያውም ሌቦች እንዳይወስዱኝ ሀሰን ጣራ ላይ ሆኖ ይጠብቀኛል ብሎ ያምናል።

እናቴ እዚህ ላይ ስትደርስ «እብድ ነው» ያለች መስሎኝ ዞር አልኩ። አላለችም። ዝም ብላ ታያለች።

እኔ ግን በዚያች ደቂቃ የሄድኩት ወደ ሱፊው ባለቅኔ ጃላሉዲን ሩሚ ነው። «መስነዊ» ውስጥ የታወቀች ታሪክ አለችው። አንድ ሰው የወዳጁን ደጅ ያንኳኳል። ማነህ ሲባል «እኔ ነኝ» ይላል፤ ገና አልበሰልክም ተብሎ ይመለሳል። ዓመት ሙሉ በናፍቆት ሲቃጠል ከርሞ ተመልሶ ያንኳኳል። ማነህ ሲባል አሁን «አንተው ነህ» ብሎ ይመልሳል። ያን ጊዜ ተከፈተለት። ሱፊዎች ፈና የሚሉት ይሄንን ነው፤ አፍቃሪው በሚያፈቅረው ውስጥ ጠፍቶ «እኔ» የምትለዋ ቃል ስታልቅ። በለይላ ፍቅር ያበደው መጅኑንም በሱፊዎቹ ትረካ መጨረሻ ላይ እኔ ራሴ ለይላ ነኝ ማለት ጀምሯል።

ታዲያ ማሽ ሀሰን ከእነዚህ በምን ይለያል? ሰባት መቶ ዓመት ሲዘመርለት የኖረው ያ ታላቅ መንፈሳዊ ማዕረግ፣ አንድ ምስኪን ገበሬ በረት ውስጥ ጭድ እያኘከ ደረሰበት። የተዋሐደው ከፈጣሪው ጋር ሳይሆን ከላሙ ጋር ነው፤ ምክንያቱም የነበረችው እሷው ብቻ ነች። ወተቱም፣ ክብሩም፣ ልጁም፣ ነገውም እሷ ነበረች። ሳኤዲ ይሄን አስቦ ይጻፈው አይጻፈው ለእኔ ለውጥ የለውም፤ ፋርስኛ አንባቢ ግን ይህን ድምፅ ሳይሰማ አያልፍም ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ነው ማዕረጉን ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ። ይሄ ሰው አንዴ ተጓዥ ነበር፤ ሁለተኛው ጉዞው ወደ በረቱ ሆነ።

በፋርስ ሥነ ጽሑፍ እብድ መናቂያ አይደለም። የኒሻቡሩ ባለቅኔ አጣር በ12ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው «ሙሲበት ናሜ»፣ የመከራ መጽሐፍ እንበለው፣ አንድ ፈላጊ መላእክትን፣ ፀሐይን፣ ጨረቃን፣ ነቢያትን እየዞረ አርባ ደጅ ይጠናል። በየመሃሉ ደግሞ እብዶች ብቅ ይላሉ። የተራቡ፣ የበረዳቸው፣ የታረዙ ናቸው፤ ፈጣሪን ፊት ለፊት ይሞግቱታል። በእስልምና ሕግ እብድ ላይ ብዕር አይጻፍም፤ የሚናገረው ኃጢአት ሆኖ አይቆጠርበትም። አጣር ይቺን ክፍት በር አገኛትና ጤነኛው የማይደፍረውን ጥያቄ ሁሉ በእሷ አስገባው።

አጣር ከሚተርካቸው አንዱን እንደገባኝ ልንገራችሁ። አንድ የተራበ እብድ ኒሻቡር ሲገባ ሜዳ ሙሉ ፈረስ ያያል፤ የማን ነው ሲል የዐሚዱ ነው፣ የሹሙ ነው ይሉታል። በጉም የዐሚዱ፣ ባሮቹም የዐሚዱ፣ ቤተ መንግሥቱም የዐሚዱ። እብዱ ጭንቅላቱ ላይ ያለችውን እራፊ ጥምጣም ፈትቶ ወደ ሰማይ ወረወራት፤ ሁሉን ለእሱ ከሰጠኸው ይቺም ለምን ትቀርበታለች፣ ስጠው ብሎ። እኔ ይሄን እንደ ስድብ አላነበውም። ከማይሰማ ጋር ማንም አይጣላም። ያ ሰው ሰማይ ሰሚ እንዳለው እርግጠኛ ነው፤ ለዚህም ነው ያለውን የመጨረሻ ጨርቅ ወደዚያ የወረወረው።

የእኛው ጉዱ ካሣ ሳይመጣባችሁ አይቀርም። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» እውነቱን የሚናገር ሰው «ጉዱ» ተብሎ፣ እንደ እብድ ተቆጥሮ ነው የሚኖረው። ሀዲስ ዓለማየሁ ሙግቱን ያዞረው ወደ ሥርዐቱ ነው፤ ወደ ጌቶቹና ወደ ልማዱ። የአጣር እብድ ሰማዩን ይከሳል፣ ጉዱ ካሣ ምድሩን። ሁለቱም ጋ ግን ጤነኛ የተባለው ሰው ዝም ብሏል፤ ሁለቱን ሳነብ የሚያመኝ ይሄው ነው።

የጊዜው የኢራን መንግሥትም የማሽ ሀሰንን በረት ማየት አልወደደም። ሻሁ አገሬን አዘመንኩ በሚልበት ዘመን ያ ጭቃ ቤት ያሳፍር ነበር። ነገሩ የዛሬ አርባ ዓመት የሆነ ነው የሚል ጽሑፍ ፊልሙ ላይ እንዲጨመር ተደረገ። ወደ ውጭ እንዳይወጣም ተከለከለ። እ.ኤ.አ. በ1971 ግን ተደብቆ ወጥቶ ቬኒስ ላይ ያለ ትርጉም ታየ፤ የተቺዎችንም ሽልማት ወሰደ። ሳኤዲ እ.ኤ.አ. በ1974 ታስሮ ተሠቃየ፤ በ1985 በስደት ፓሪስ ሞተ።

ያለ ትርጉም እንዴት ገባቸው ብዬ ድሮ እገረም ነበር። ቅዳሜ ማታ እናቴን አየኋት።

ወደ መጨረሻው ገደማ ሦስት ሰዎች ማሽ ሀሰንን ለሕክምና ወደ ከተማ ሊወስዱት በገመድ አስረው ይጎትቱታል። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው። እሱ አልሄድም ብሎ ይገትራል። ከሦስቱ አንዱ እስላም ይባላል፤ የመንደሩ አስተዋይ፣ ምክር የሚጠየቅ፣ ሀሰንን ከልቡ የሚወደው ሰው ነው። ትዕግሥቱ ያልቅና ያነሣውን ይዞ እንደ ከብት ይገርፈዋል፣ እንደ ከብት ይጮህበታል። ወዲያው ሁሉም ድርቅ ይላሉ። እስላምም የገዛ እጁን ያያል። ሀሰን ከዚያ አምልጦ ይሮጥና ገደል ገብቶ ይሞታል።

እናቴ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሳበችው። እሷ የወሎ ልጅ ናት። በ77ቱ ድርቅ አያቴ የመጨረሻ በሬያቸው እንደሞተባቸው አውቃለሁ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግራኝ ታልፈው ነበር። አሁን ግን ፊልሙ አልቆ ስክሪኑ ከጠቆረ በኋላ ማውራት ጀመረች። አባቷ በሬው ከሞተ በኋላም ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ባዶው በረት ደጃፍ ላይ ቆመው ይጉመተመቱ እንደነበር፣ ቀንበሩን ማንም ለማገዶ እንዳይነካው ራስጌያቸው አድርገው እንደተኙ፣ መጠለያ ጣቢያ ሲሄዱም ገመዱን ወገባቸው ላይ እንደታጠቁት። ሰው ሲስቅባቸው እሷም ልጅ ነበረችና አብራ ስቃለች።

«ቦራ ነበር ስሙ» አለችኝ። የበሬውን ስም ስትናገር የሰማኋት ያን ዕለት ነው።