ግራር የሌለው ከሚሴ፡ የሞዴል ባቡር ዛፍ አሠራር

ሞዴል ባቡር ማለት ባቡሩ ከነሐዲዱና ከነአካባቢው አንሶ ጠረጴዛ ላይ ሲሠራ ነው። በብዛት የሚሠራው በ1 ለ87 መጠን ነው። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር በከሚሴ በኩል ያልፋል። ይህንን ቦታ በሞዴል ለማሳየት ግን ባቡሩ ብቻውን አይበቃም፤ አገሩን የሚናገረው ዛፉ ነው። የፈረንጅ ጥድ ከቆመበት ከሚሴ መሆኑ ቀረ ማለት ነው።

ታዲያ ግራር እንዴት ይሠራል? በመጀመሪያ ቁመቱን ለ87 ማካፈል ነው፤ የ8 ሜትር ግራር 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቀጥሎ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ቀጫጭን የመዳብ ሽቦ አውጥቶ አንድ ላይ መጠምዘዝ፣ ጫፉን ለቅርንጫፍ መበተን። ግንዱን ኮላ ቀብቶ ሰጋቱራ መነስነስ፤ ሲደርቅ ግራጫና ቡናማ ቀለም መቀባት። ለቅጠሉ ስፖንጅ አድቅቆ አረንጓዴ ቀለም መንከርና ማጣበቅ። ግራር እንደ ኳስ አይከብም፤ እንደ ጃንጥላ ጠፍጠፍ ይላል፣ በመሃሉም ሰማይ ይታያል። እኩል አድርጎ መደርደር ደግሞ ችግኝ ጣቢያ ያስመስለዋል።

በመጨረሻም፣ ግራር ለከሰል ስለሚቆረጥ ጉቶም መግባት አለበት። ጉቶውን የዘለለ ሞዴል ያምር ይሆናል እንጂ እውነቱን አይናገርም። ይሄ ደግሞ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች እንግዳ ነገር አይደለም።