ነፍሰ ጡር እናቶችና የበለስ ፍሬ፤ አለቃቀም፣ አደራረቅና አበላል

መግቢያ

በለስ በጓሮና በመስኖ ዳር የሚበቅል፣ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ፍሬ ነው። ፍሬውን ለገበያ የሚያቀርቡ የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ሆኑ ከአርሶ አደሩ ቤተሰብ ጋር የሚውሉ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች አንድ ጥያቄ ሊቀርብላቸው ይችላል። ይኸውም «ነፍሰ ጡር ሴት በለስ ብትበላ ጉዳት አለው ወይ?» የሚለው ነው። አጭሩ መልስ፣ በሚገባ የበሰለ፣ የታጠበና ያልሻገተ በለስ በመጠኑ ሲበላ ለነፍሰ ጡር ሴት ጥሩ ምግብ ነው የሚል ነው። ጉዳት የሚመጣው በአብዛኛው ከአያያዝ ጉድለት ነው። በለቀማ፣ በማድረቅና በማከማቸት ላይ የሚፈጸም ስሕተት በእናቲቱ በኩል አልፎ ፅንሱን ሊደርስበት ስለሚችል፣ ጥንቃቄው ከማሳ ይጀምራል።

1. በለስ ስንል የትኛውን ነው?

በአገራችን «በለስ» የሚለው ስም ለሁለት የተለያዩ ተክሎች ይሰጣል። አንደኛው ሰፋፊ ቅጠል ያለውና ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣው የበለስ ዛፍ ሲሆን፣ የሾላና የዋርካ ዘመድ ነው። ሁለተኛው በትግራይና በአካባቢው በብዛት የሚገኘው፣ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ የሆነው እሾሃማው በለስ ነው። ይህንን አንዳንዶች ቁልቋል ይሉታል። ይሁን እንጂ ነባሩ የቁልቋል ዛፍ ሌላ ነው፤ ወተቱም ቆዳንና ዓይንን የሚያቃጥል መርዛም ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ምክር ከመስጠቱ በፊት ጠያቂዋ ስለየትኛው እንደምትናገር መረዳት አለበት። ከዚህ በታች በለስ ስንል የመጀመሪያውን ነው፤ ስለ እሾሃማው በለስ በተራ ቁጥር 6 እንገልጻለን።

2. የፍሬው የምግብ ይዘት

100 ግራም እርጥብ በለስ ውስጥ 79 ግራም ያህሉ ውኃ፣ 16 ግራም ያህሉ ስኳር፣ 3 ግራም ያህሉ አሠር ነው። ሲደርቅ ውኃው ስለሚወጣ የቀረው ይከማቻል። በመሆኑም 100 ግራም ደረቅ በለስ 48 ግራም ያህል ስኳር፣ 10 ግራም ያህል አሠር፣ 160 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየምና 2 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይኖረዋል።

አሠሩ በእርግዝና ጊዜ ለሚበዛው የሆድ ድርቀት ይረዳል፤ ካልሲየሙም ለእናቲቱና ለፅንሱ አጥንት ይጠቅማል። ነገር ግን በለስ ደም ይተካል ብሎ መመካት አደገኛ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በቀን 27 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ያስፈልጋታል። ሦስት ወይም አራት ደረቅ በለስ የሚሰጣት ግን ከ1 ሚሊ ግራም በታች ነው። ፎሊክ አሲድም በበለስ ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡሮች በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ እንዲወስዱ ይመክራል። ስለሆነም ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን እንክብል ትታ በለስ የምትበላ እናት ብትኖር ሠራተኛው ሳይውል ሳያድር ሊመክራት ይገባል።

3. በለቀማ ጊዜ የሚደረግ ጥንቃቄ

ሀ. በለስ ከተለቀመ በኋላ እንደ ሙዝ አይበስልም። ስለዚህ አንገቱ ዘንበል ያለውን፣ በእጅ ሲነካ የለሰለሰውን መልቀም ነው። ጥሬው ወተት አለው፤ ይህም አፍንና ከንፈርን ይለበልባል።

ለ. የቅጠሉና የግንዱ ወተት ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ውኃም ያስቋጥራል። ለቃሚዎች፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮች፣ እጅጌው ረጅም ልብስና ጓንት ያድርጉ፤ ሲጨርሱም በሳሙና ይታጠቡ።

ሐ. መሬት ላይ የወደቀውን ለነፍሰ ጡር አለመስጠት። የድመት ዓይነ ምድር የነካው አፈር ፅንስን የሚጎዳ ተውሳክ ሊይዝ ይችላል። ይህ ከዛፍ ሥር ለሚለቀመው ሾላም ይሠራል።

4. ማድረቅና ማከማቸት

ከሁሉ የከፋው አደጋ ሻጋታ ነው። በሚገባ ባልደረቀ በለስ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ከእናቲቱም ወደ ፅንሱ ይተላለፋል። በማጠብም ሆነ በመቀቀል አይጠፋም። የሻገተውን ቦታ ብቻ በቢላዋ ቆርጦ መጣልም አያድንም፤ መርዙ ከውጭ ሳይታይ በፍሬው ውስጥ ሊኖር ይችላልና። ስለዚህ ማኅበራት የሚከተለውን ይፈጽሙ፦

ሀ. የተሰነጠቀውን፣ ወፍ የጠቀመውን፣ ትል የበላውንና ውስጡ የጠቆረውን ከማድረቃቸው በፊት ይለዩ።
ለ. በመሬት ላይ ሳይሆን ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ በሳሳ ያስጡ፤ ዝንብና አቧራ እንዳይደርስበት በስስ ጨርቅ ይሸፍኑ።
ሐ. ጤዛ እንዳይመታው ማታ ማታ ያስገቡ።
መ. ሲጨመቅ ፈሳሽ የማያወጣ፣ ግን የሚታጠፍ ሲሆን ያንሡ።
ሠ. ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ዕቃ፣ ከወለልና ከግድግዳ አርቀው ያስቀምጡ፤ በየጊዜውም ይመርምሩ።

የሻገተውን በርካሽ መሸጥ ወይም ለከብት መስጠት አይገባም፤ መርዙ በወተት በኩል ተመልሶ ወደ ሰው ይመጣል።

5. አዘገጃጀትና መጠን

ፍሬውን በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ከዚያም ለሁለት ከፍሎ ውስጡን ማየት ያስፈልጋል። እርጥብ ከሆነ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ፣ ደረቅ ከሆነ ሦስት ወይም አራት ፍሬ ይበቃል። ከዚህ ብዙ ቢበላ ሆድ ሊነፋ ወይም ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል። የስኳር ሕመም ያለባት ወይም በእርግዝናዋ ጊዜ ስኳር የተገኘባት እናት፣ በተለይ ደረቁን ከመብላቷ በፊት የጤና ባለሙያ ታማክር። የጎማ ጓንት ወይም የበለስ ወተት የሚያሳክካት ሴት ፍሬውን ብትተወው ይሻላል። ቅጠሉን ቀቅሎ ወይም ወተቱን እንደ መድኃኒት መጠጣት ለነፍሰ ጡር አይፈቀድም።

6. ስለ እሾሃማው በለስ

ይህ ፍሬ በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ በብዛት ይደርሳል። ውኃ፣ አሠርና ቫይታሚን ሲ ስላለው ለነፍሰ ጡርም ይበላል። እንደ ፀጉር የቀጠኑትን እሾሆች በሣር ወይም በመጥረጊያ አራግፎ፣ አጥቦና ልጦ ማቅረብ ነው። ዋናው ጥንቃቄ ግን ስለ ፍሬው ዘር ነው። ዘሩ ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ሲበላ አንጀት ውስጥ ተጠቅጥቆ ሰገራን ሊዘጋ ይችላል። ድርቀት ያለባት ነፍሰ ጡር በአንድ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ፍሬ ባታልፍና ውኃ አብዝታ ብትጠጣ መልካም ነው።

7. ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

በለስ ከበላች በኋላ ከንፈሯ ወይም ፊቷ ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠራት፣ ሰገራ ቆሞባት የሚያስመልሳት፣ ብርቱ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የታየባት ነፍሰ ጡር ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለባት። የቤት መድኃኒት እየሞከሩ መቆየት አይገባም።

ማጠቃለያ

የልማት ሠራተኞች ይህንን ትምህርት በለቀማ ወቅት ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ሆነው ቢሰጡ ውጤቱ የተሻለ ይሆናል። ማኅበራትም በመጋዘናቸው ያለውን ደረቅ በለስ ለገበያ ከማውጣታቸው በፊት እየከፈቱ ይመርምሩ። ለነፍሰ ጡር እናት የማይሰጥ በለስ ለሌላም ሰው መሸጥ የለበትም።