ተማሪን ማዕከል ያደረገ ትምህርት፦ ከወላይታ ተሞክሮ ምን እንማራለን?

“ተማሪን ማዕከል ያደረገ የማስተማር ዘዴ” የሚለው ሐረግ ለአገራችን የትምህርት ባለሙያዎችና ኃላፊዎች እንግዳ አይደለም። በዓመታዊ ዕቅድ፣ በሩብ ዓመት ሪፖርት፣ በሱፐርቪዥን ቅጽና በመምህራን የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ላይ ሳይጠቀስ የቀረበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ይሁንና ሐረጉ በተደጋገመ ቁጥር ትርጉሙ እየደበዘዘ በመምጣቱ፣ በብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን በቡድን ከማስቀመጥ ያለፈ ይዘት የሌለው እስኪመስል ደርሷል።

የወላይታ ዞን የትምህርት ታሪክ የሐረጉን እውነተኛ ትርጉም መልሶ ለመመርመር ጥሩ መነሻ ይሆናል። ተማሪው፣ መምህሩና ወላጁ ሳይጠየቁ የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ ምን ያህል ከባድ ዋጋ እንደሚያስከፍል በዚህ አካባቢ በተግባር ታይቷልና። አዲስ የትምህርት ፖሊሲና አዲስ ሥርዓተ ትምህርት በሥራ ላይ በዋለበት በአሁኑ ወቅት፣ ይህንን ተሞክሮ ማስታወስ ለፈጻሚ አካላት ጠቀሜታው የጎላ ነው።

የአስተሳሰቡ መነሻ

ለረጅም ዘመን በዓለም ዙሪያ የተለመደው አሠራር መምህሩን የዕውቀት ባለቤት፣ ተማሪውን ደግሞ እስኪሞላ የሚጠበቅ ባዶ ዕቃ አድርጎ የሚመለከት ነበር። በዚህ አሠራር የተማሪው ድርሻ ማዳመጥ፣ መገልበጥና በፈተና ዕለት የሰማውን መልሶ መናገር ብቻ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዴዊ እ.ኤ.አ. በ1896 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሙከራ ትምህርት ቤት በመክፈት፣ ልጆች በሥራና በኑሮ ልምዳቸው አማካይነት ሲማሩ ትምህርቱ የበለጠ እንደሚሰርጻቸው ለማሳየት ጥሯል። ብራዚላዊው የትምህርት ሊቅ ፓውሎ ፍሬሬም ያልተማሩ ጎልማሶችን ፊደል ሲያስቆጥር ከራሳቸው የዕለት ተዕለት ኑሮ በተወሰዱ ቃላት ይጀምር ነበር። የሁለቱም እምነት ተማሪ አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ያለው፣ ክብር የሚገባው ሰው ነው የሚል ነው።

ይህ አስተሳሰብ በአገራችን ሥር የለውም ማለት አይቻልም። በጥንቱ የቅኔ ቤት ተማሪው በየዕለቱ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል፣ ይተቸዋል። ነባሩ ተማሪ አዲሱን እየደገፈ ያስጠናዋል። ተማሪው የሚመዘነው በሸመደደው ብቻ ሳይሆን ራሱ በፈጠረው ጭምር ነው። በሌላ በኩል በዚያው ባህላዊ ትምህርት ቤት አለንጋና ቁንጥጫ የማስተማሪያ መሣሪያ ሆነው መቆየታቸው አይካድም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር ፈቺ ዜጋ ማፍራትን ዓላማው ከማድረጉም በላይ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰብ ቋንቋዎች እንዲሰጥ ደንግጓል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በበኩሉ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው አረጋግጧል። ስለሆነም ልጁን እንደ ሰው አክብሮ ማስተማር የመምህሩ በጎ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የሕግ ግዴታ ጭምር ነው።

የ“ወጋጎዳ” መጻሕፍት

ወላይትኛ የጽሑፍና የትምህርት ቋንቋ ሆኖ ሲያገለግል ዓመታት ተቆጥረዋል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተገለገሉባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ሲሆን፣ በወቅቱ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን በላቲን ፊደል እየተጻፈ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ ሊሆን በቅቷል።

በዚያን ጊዜ ወላይታ ከጋሞ፣ ከጎፋ፣ ከዳውሮና ከሌሎችም ሕዝቦች ጋር መቀመጫውን አርባ ምንጭ ባደረገው የሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ይተዳደር ነበር። የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች ከኦሞአዊ የቋንቋ ቤተሰብ የሚመደቡና እርስ በርስ የሚቀራረቡ ናቸው። ይህንን መቀራረብ መነሻ በማድረግ ከአራቱ የተውጣጣ አንድ የጋራ የትምህርት ቋንቋ እንዲዘጋጅ ተወሰነ። ስያሜውም የአራቱን ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት በማጣመር “ወጋጎዳ” ተባለ።

ውሳኔው በወረቀት ላይ ሲታይ ምክንያት የለሽ አልነበረም። ለአራት ቋንቋዎች አራት ዓይነት መጽሐፍ ከማሳተም አንድ ማሳተም ወጪ ይቆጥባል፤ መምህራንን ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው ማዛወርንም ያቀላል የሚል ስሌት ነበረው። ይሁንና መጻሕፍቱ ለትምህርት ቤቶች በተሠራጩበት በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን፣ ከተማሪዎችና ከነዋሪዎች ብርቱ ተቃውሞ ገጠማቸው። ቅሬታ ያሰሙ መምህራን ከቦታቸው እንዲዛወሩ ወይም እንዲታሰሩ መደረጉ ነገሩን ከማብረድ ይልቅ አባባሰው። በሶዶ ከተማ በተቀሰቀሰው ግጭትም የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ንብረት ወደመ፣ ትምህርትም ተቋረጠ።

በመጨረሻ መጻሕፍቱ ከአገልግሎት ውጭ እንዲሆኑ ተደርጎ ተማሪዎች በየራሳቸው ቋንቋ ወደ መማር ተመለሱ። ወላይታም በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

ከዚህ ክስተት የአስተዳደርና የማንነት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን፣ የማስተማር ሥነ ዘዴን የሚመለከት ትምህርትም ይቀሰማል። የሰባት ዓመት ልጅ ማንበብ የሚጀምረው በጆሮው የሚያውቀውን ቃል በዓይኑ ሲያገኘው ነው። ፊደላቱን ለይቶ ድምፁን ሲያወጣ “ይህንንማ አውቀዋለሁ” የሚልበት ቅጽበት የንባብ በር የሚከፈትበት ነው። ቃሉ እናቱ ከምትናገረው በጥቂቱም ቢሆን ከተለየ ልጁ ስህተቱ የራሱ ይመስለዋል። ወላጅ የልጁን ደብተር ገልጦ መርዳት ያቅተዋል፤ መምህሩም አንቱ የተባለበትን የራሱን ቋንቋ እንደ አዲስ ለመማር ይገደዳል። ስለዚህ መጻሕፍቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የማስተማርን መርህ በስም ቢይዙም፣ ልጁን ማዕከል ያደረጉ አልነበሩም።

በቅን ሐሳብ ተነሥቶ ባለቤቶቹን ባለማማከር የከሸፈ የትምህርት ለውጥ በአገራችን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ሴክተር ሪቪው የትምህርት ዕድልን ወደ ገጠሩ ሕዝብ ለማስፋት የሚያስችሉ በርካታ ሐሳቦችን የያዘ ጥናት ነበር። ነገር ግን መምህራንና ወላጆች ሳይወያዩበት ተዘጋጅቶ በ1966 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን፣ የድሃውን ልጅ ከከፍተኛ ትምህርት የሚያግድ ነው በሚል ተቃውሞ ተነሣበት። በየካቲት ወር የተካሄደው የመምህራን የሥራ ማቆም አድማም ለአብዮቱ መቀስቀስ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ፤ ጥናቱም ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ።

ከመቀመጫ አደራደር ባሻገር

ተማሪን ማዕከል ማድረግ በክፍል ውስጥም ተመሳሳይ ፈተና ገጥሞታል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ማሻሻያ ፕሮግራም መምህራን አሳታፊ ዘዴንና ተከታታይ ምዘናን እንዲለማመዱ፣ ዕጩ መምህራንም በትምህርት ቤቶች የተግባር ልምምድ እንዲያደርጉ ተደርጓል። በዚያው ዘመን ግን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርት ከዚህ መርህ ጋር የሚጋጭ ሆኖ ተገኘ። በሳተላይት በእንግሊዝኛ የሚተላለፈው ትምህርት የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ይወስድ ስለነበር፣ መምህሩ በመግቢያና በማጠቃለያ ደቂቃዎች ብቻ ተወስኖ ቀረ። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ስክሪኑ አይቶ አይጠብቀውም።

ከዚያም በኋላ በየትምህርት ቤቱ የተዘረጋው “አንድ ለአምስት” የተሰኘው የተማሪዎች አደረጃጀት እርስ በርስ ለመማማር ታስቦ የተጀመረ ቢሆንም፣ በብዙ ቦታ ቃለ ጉባኤ ወደ መሙላትና ሪፖርት ወደ ማቅረብ ያዘነበለ ነበር። ጎበዙ ተማሪ ሠርቶ ሌሎቹ የሚገለብጡበት ቡድን፣ ክብ ሠርቶ ቢቀመጥም አሳታፊ ሊባል አይችልም።

የክፍል ጥበትም ሌላው እንቅፋት ነው። በአገር አቀፉ መስፈርት መሠረት በአንደኛ ደረጃ አንድ ክፍል ሊይዝ የሚገባው 50 ተማሪዎችን ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ወደ 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ሕዝብ የነበረው የወላይታ ዞን ደግሞ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ከ350 በላይ ሰዎች የሚኖሩበት፣ የሕዝብ ጥግግቱ በአገሪቱ ከፍተኛ ከሆነባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የእርሻ መሬት በየትውልዱ እየተከፋፈለ በሚያንስበት በእንዲህ ያለ ሥፍራ፣ ለአርሶ አደሩ ልጅ ዋነኛው ውርስ ትምህርት መሆኑ ግልጽ ነው።

ችግሩ በወላይታ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደውና ከ13 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ባካተተው አገር አቀፍ የንባብ ክህሎት ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ ታውቋል። ከዚህ ውጤት በመነሣት በተከታዮቹ ዓመታት ወላይትኛን ጨምሮ በሰባት ቋንቋዎች የንባብ መጻሕፍት እንደ አዲስ ተዘጋጅተዋል። ይህም ከ“ወጋጎዳ” በኋላ ቋንቋው የራሱን መጽሐፍ በራሱ ቃላት ያገኘበት ተጨማሪ ዕድል ነበር።

ሆኖም በቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ እንደነበር ይታወሳል። በራሱ ቋንቋ ማንበብን ገና ያላደላደለ ልጅ በሌላ ቋንቋ ሳይንስና ሒሳብ እንዲማር ሲደረግ፣ ማስተዋልን ትቶ ወደ ሽምደዳ መሸሹ የሚጠበቅ ነው።

አሳታፊ ትምህርት የግድ ውድ ቁሳቁስ አይጠይቅም። የወላይታ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓል የሆነውን ጊፋታን ለመቀበል አባወራዎች ለእርድ የሚሆን ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማሉ። አንድ መምህር ክፍልፋይን ሲያስተምር “የአንድ በሬ ዋጋ ለስምንት አባወራ ቢካፈል፣ ሁለቱ ቢጎድሉስ የቀሪዎቹ ድርሻ ስንት ይሆናል?” ብሎ ቢጠይቅ፣ ከቤቱ የቅርጫ ሥጋ ሲከፋፈል ያየ ልጅ የሚለው አያጣም። መምህሩ መልሱን ብቻ ሳይሆን ልጁ እንዴት እንዳሰበ ቢጠይቀው፣ ስህተቱንም የሚስቁበት ሳይሆን የሚወያዩበት ቢያደርገው፣ ፖሊሲው የሚለው በአንድ ክፍለ ጊዜ ተፈጸመ ማለት ነው።

ከፈጻሚ አካላት የሚጠበቀው

በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማረጋገጫ መርሐ ግብር አካል የሆነው የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም፣ መማር ማስተማርን፣ ምቹ የትምህርት አካባቢን፣ የትምህርት ቤት አመራርንና የኅብረተሰብ ተሳትፎን አራቱ ዐበይት ጉዳዮች አድርጎ ነበር። በአፈጻጸም ረገድ ግን የኅብረተሰብ ተሳትፎ የሚለካው በአብዛኛው በተዋጣ ገንዘብና በተገነባ መማሪያ ክፍል ነው። ወላጅ ገንዘብ ሲጠየቅ ተሳታፊ፣ ሐሳብ ሲሰጥ ግን ጣልቃ ገብ ተደርጎ ከታየ ተሳትፎው ጎዶሎ ይሆናል።

ስለሆነም የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ወደ ትምህርት ቤት ሲልኩ፣ የዕለት ትምህርት ዕቅድ መኖሩን ከማረጋገጥ አልፈው ከኋላ ወንበር የተቀመጡ ጥቂት ልጆችን ማስነበብ እንዲለምዱ ማድረግ ይገባል። ተከታታይ ምዘናም የማርክ መሰብሰቢያ ከመሆን ወጥቶ፣ ያልገባው ተማሪ በወቅቱ የሚታገዝበት መሣሪያ መሆን አለበት። መምህር ስለ መጽሐፍ ይዘት የሚያቀርበው ቅሬታ እንደ ዲሲፕሊን ግድፈት ሳይቆጠር በጽሑፍ ተመዝግቦ ምላሽ ማግኘት ይኖርበታል። በ1992 ዓ.ም. አስቀድሞ የተሰማው የመምህራን ድምፅ ተደምጦ ቢሆን ኖሮ፣ የደረሰውን ጉዳት ማስቀረት ይቻል ነበር።

በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች። በዚያው ዓመት በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የትምህርት መዋቅሩን ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ ደረጃና አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ አድርጎታል። በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰጠው የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ደግሞ ሥራው ምን ያህል ከሥር መጀመር እንዳለበት አሳይቷል።

ይህ ውጤት አንድ አደጋ አለው። ቁጥሩን በፍጥነት ለማሳደግ ሲባል ትምህርት ቤቶች ወደ ፈተና ጥያቄ ሽምደዳ ሊመለሱ፣ ኃላፊዎችም ከላይ የወረደን መመሪያ ያለ ጥያቄ ወደ ማስተላለፍ ሊያዘነብሉ ይችላሉ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የወደቀው ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ የወደቀው ሁለተኛ ክፍል ሳለ፣ የተሰጠውን መጽሐፍ ማንበብ ሳይችል ማንም ሳያስተውለው ባለፈበት ዕለት ነው።

ስለዚህ አዲስ መጽሐፍ፣ አዲስ ቅጽ ወይም አዲስ አደረጃጀት ጠረጴዛው ላይ የደረሰ ኃላፊ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ቢያነሣ መልካም ነው። ልጁ ይህን በሚያውቀው ቋንቋ ያነበዋልን? መምህሩ አይቶት ሐሳቡን ሰጥቷልን? ወላጁስ ተጠይቋልን? ሦስቱም አዎንታዊ መልስ ካላገኙ፣ “ተማሪን ማዕከል ያደረገ” የሚለው ሐረግ ከሪፖርቱ ገጽ አልፎ ክፍል ውስጥ አይገባም።